የሚመልሳት ነገር የለም

እታለምን ቪዛ ከለከሏት። ምክንያታቸው፣ ለጉብኝት ብላ ከሄደች ወደ ቤቷ የሚመልሳት ነገር የለም ነው። ደብዳቤው አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ወረቀቱ ወፍራም፣ ስሟ እስከ አያቷ ድረስ ሳይሳሳት የተጻፈበት። ማመልከቻ መቀበያው ቢሮ ደረጃ ላይ ቆማ «ጉብኝትዎን ጨርሰው እንዲመለሱ የሚያደርግ በቂ ትስስር እንዳለዎት አላሳመኑንም» የሚለው ጋ ስትደርስ ስልኳ ጠራ። እናቷ ናቸው፣ አሁን የሚውጡት ነጩን ክኒን ነው ወይስ ሮዙን። «ነጩን፣ ከምግብ በኋላ» አለቻቸው። ወደ ደብዳቤው ተመለሰች። ሁለተኛውን አንቀጽ ሳትጨርስ ወንድሟ ደወለ፣ ግራጫ ሱሪው የት ነው። «በሩ ጀርባ፣ ከፎጣው ስር።» ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ደንበኛዋ መምህሩ ደወለ። ሱቁ ደጅ ቆሟል፣ ዛሬ ለምን አልተከፈተም፣ ደህና ናት ወይ፣ ኮቱስ ደህና ነው ወይ። ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ጥበቃውን «ይሄን የጻፈውን ሰው ማግኘት ይቻላል?» አለችው። ጥበቃው ይሄን በቀን አርባ ጊዜ ይጠየቃል። «አይቻልም እናቴ» አላት። «ግን አይዞሽ፣ ጨዋ ጨዋውን ነው የሚከለክሉት።»

መሄድ የፈለገችው ለስድስት ሳምንት ነው። የሷና የወንድሟ ታናሽ እህት ሚጣ ከአገር ከወጣች አስራ አንድ ዓመቷ ነው። አሁን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው፣ ሐኪሞቹ በቀዶ ጥገና ነው ብለው ቀኑን ቆርጠዋል፣ ከዛሬ ሰባት ሳምንት። ባሏ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው፣ ያን ሳምንት ባሕር ላይ ነው። ሚጣ ድሮም መርፌ ስትወጋ እንኳ የእታለምን አውራ ጣት ጨብጣ ነው። አሁንም በስልክ «አውራ ጣትሽን ብቻ ላኪልኝ» ብላ ትስቃለች፣ ከዛ ሳቋ መሀል ላይ ይቆማል። አዲስ ማመልከቻ መልሱ አምስት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ካልገባ አበቃ። ክፍያውም አይመለስም። እታለም ዋጋ የምታስበው በሸሚዝ ነው፤ ክፍያው ሦስት መቶ ሸሚዝ ተኩስ ነው፣ ከነአንገቱ።

ሥራዋ ላውንደሪ ነው። አባቷ ጀምረውት፣ እሷ አስራ ሰባት ዓመቷ ላይ ካውያ ይዛ ገባችበት፣ ይኸው አርባ ሦስት ሞላት። ሁለት ማጠቢያ፣ አንድ የተኩስ ጠረጴዛ፣ ጣሪያ ላይ የታሰሩ አራት ብረቶች፣ በነሱ ላይ ሁልጊዜ ከመቶ የማያንስ ልብስ። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። አባቷም አይቆርጡም ነበር፣ እሷም አልጀመረችም፣ ምክንያቱም ልብሱ ራሱ ይናገራል። ቀኝ ኪሱ ውስጥ ጠመኔ ያለበት የመምህሩ ነው። ግራ ጉልበቱ ያብለጨለጨ የወንድሟ አለቃ ነው፣ ሰውየው እግሩን አጣምሮ ነው የሚውለው። ክርኑ ላይ ቀለም ያለበት ካፖርት የማመልከቻ ጸሐፊው ነው። ሰው ይመጣል፣ እሷ ፊቱን ታያለች፣ እጇ ወደ ብረቱ ይሄዳል። አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም። እታለም ይላት የነበረው መጀመሪያ ወንድሟ ብቻ ነበር፣ በሁለት ዓመት ስለምትበልጠው። አሁን ደንበኛው ሁሉ፣ በእድሜ እናቷ የሚሆኑትም ሳይቀሩ እታለም ነው የሚሏት።

ሱቁን ሳትከፍት በቀጥታ ወደ ማመልከቻ ጸሐፊው ሄደች። ሽማግሌው ፍርድ ቤቱ አጥር ስር ጃንጥላ ዘርግቶ መጻፍ ከጀመረ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሰው ጋሼ እንባ ነው የሚለው። ስሙን ያገኘው የአንዲት ባልቴት የጡረታ ማመልከቻ ሲያነብ መዝገብ ቤቱ በሙሉ ተነፋርቆ ለምሳ የወጣ ጊዜ ነው። የእታለም አባት ሲሞቱ ለእናትየው ጡረታ ያስከበረው እሱ ነው። ስለዚህ የቪዛውንም ደብዳቤ ለማን ትስጠው፣ ለሱ ነው የሰጠችው። እሱ ጻፈ፣ ተርጓሚው ተረጎመ፣ እሷ ፈረመች፣ አላነበበችም። የዛን ቀን የሃያ መጋረጃ ትእዛዝ ነበረባት።

«ከለከሉኝ ጋሼ።»

«አይከለክሉም» አለ ጋሼ እንባ፣ መነጽሩን ሳያነሳ። «እሱን ደብዳቤ አንብቦ የሚከለክል ሰው አልተወለደም።»

«ምን ብለው ነበር የጻፉት?»

ከቁምሳጥኑ፣ ማለትም ከካርቶኑ፣ ቅጂውን አወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ። በንባቡ መሀል ሁለት ቦታ ላይ ድምፁ እንደሚሰበር አስቀድሞ ነገራት፣ እንዳትደነግጥ። «አመልካቿ አባቷን በሞት የተነጠቀች፣ እናቷ አልጋ የያዙባት፣ ትዳር ያልገጠማት፣ ልጅ ያልወጣላት፣ ጎጆ የሌላት፣ ጥሪት የሌላት፣ ባሕር ማዶ ካለች አንዲት እህቷ በስተቀር በዚች ምድር ላይ ወገን የሚባል ያልቀረላት ምስኪን ስትሆን…»

አጠገባቸው የመኪና አደጋ ካሳ ለማስጻፍ ወረፋ የያዘ ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጋሼ» አለች እታለም፣ «ይሄን ያነበበ ሰው ትመለሳለች ብሎ ያስባል?»

ጋሼ እንባ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። ከፍ አደረገ። እንደገና ዝቅ አደረገ። አርባ ዓመት ሙሉ የሠራው በአንድ እምነት ነው፤ ቢሮ ማለት አንጀት ነው፣ አንጀቱን ካልበሉት አይፈርምም። ቢሮ ሆኖ ምስኪን የማይወድ ቢሮ ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም። «እና ምን ማለት ነበረብኝ?» አለ፣ እንደተማሪ። «ሀብታም ናት፣ ኩሩ ናት፣ ምንም አትፈልግም?»

«የሚመልሳት ነገር አለ ማለት።»

«ጥሩ። እንዳዲስ እንጽፋለን። ምን አለሽ?»

እታለም በጣቷ ጀመረች። ጠዋት የእናቷ ነጭ ክኒን፣ ቀን ሮዙ፣ ማታ ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ የሚዋጠው። የወንድሟ ሸሚዞች። ሱቁ። መቶ ምናምን ልብስ። ማጠቢያው ሲቆም የሚመታበትን ቦታ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የውሃ ፈረቃው ቀን። የቤቱ በር ሲጣበቅ ወደ ላይ አንስቶ መግፋት። ጋሼ እንባ አንድ ገጽ ከሞላ በኋላ እጁን አነሳ። «ልጄ፣ ይሄ ማስረጃ አይደለም፣ ስሞታ ነው። እነሱ ወረቀት ነው የሚፈልጉት። ስምሽ ያለበት አንድ ወረቀት አምጪልኝ። የቤት ካርታ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የሆነ ነገር።»

እታለም አሰበች። ከፓስፖርቷ ሌላ ስሟ በትክክል የተጻፈበት ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ያለው የእምቢታ ደብዳቤ ብቻ ነው።

ወንድሟ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። አንድ እስክሪብቶ በሦስት ፊርማ የሚያወጣ ሰው ነው። መጋዘኑ ጠባብ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ወንበር እግሩ ስር ቁጥር ተለጥፎበታል፤ የራሱ ምሳ ዕቃ ላይ ሳይቀር ቁጥር አለ። የሚወደው አነጋገር «ወረቀት ላይ የሌለ ነገር የለም ማለት ነው» የሚለው ነው። አባታቸው የሞቱ ጊዜ ስም ማዛወሪያው ቀን አንድ ሰው ቢሮ መሄድ ነበረበት፣ ሱቁ ደግሞ መዘጋት አልነበረበትም። እሷ ሱቁን ከፈተች፣ እሱ ቢሮ ሄደ። ሲመለስ ቤቱም ፈቃዱም በሱ ስም ሆኖ ነበር። «ለአንድ ሰው ከሆነ ይቀላል አሉኝ» አለ። እሷ የትልቅ ሰው ቀሚስ ላይ ካውያ አስቀምጣ ነበር፣ ቀና ሳትል «እሺ» አለች። አስራ አራት ዓመት ሆነው።

አሁን መጋዘኑ ሄዳ የእምቢታ ደብዳቤውን ሰጠችው። ቆሞ አነበበው፤ ከይዘቱ በፊት ማኅተሙን አየ፣ ማኅተሙን ወደደው።

«የፈቃዱን ግማሽ በስሜ አድርግልኝ» አለችው።

«ይደረጋል። ማን እምቢ አለሽ? ሂጂ፣ ሚጣን አይተሽ ነይ፣ ስትመለሺ ቁጭ ብለን እናስገባዋለን።»

«ስሜ ካልገባ አይለቁኝም።»

«ስምሽ ገብቶ ሄደሽ ብትቀሪስ?»

መጋዘኑ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት አለ፣ እሱም ቁጥር ተለጥፎበታል። እሷ ሰዓቱን አየች። እሱ ደብዳቤውን እንደገና አጠፈው፣ በጥሩ ሁኔታ፣ ጠርዝ በጠርዝ።

«እቀራለሁ ብለህ ነው?»

«እኔ አላልኩም፣ እታለም። በወረቀት ደረጃ ነው የማወራሽ። ግማሽ ፈቃድ ውጭ አገር ከሆነ፣ እድሳት አለ፣ ፊርማ አለ፣ ማን ይፈርማል?»

ስልኳ ጠራ። የባንኳ ልጅ ናት፣ ባንክ የምትሠራው ደንበኛዋ፣ ቀሚሷን ለዛሬ ነው የቀጠረቻት። እታለም አላነሳችውም። ቦርሳዋን ከፈተች፣ የሱቁን ቁልፍ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ የእስክሪብቶ መዝገቡ ላይ አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው?»

«የሱቅህ ቁልፍ ነው። ዛሬ አርብ ነው፣ የሚወስዱ ብዙ ናቸው። አለቃህም ጥቁር ሰማያዊ ሱፉን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እወስዳለሁ ብሏል፣ ነገ ጠዋት በረራ አለው።»

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

«እሱም ሥራህ ነው። ወረቀቱ ላይ አለ» አለችና ወጣች።

ቤት ስትገባ እናቷ ደነገጡ። አርብ ከሰዓት እታለምን ቤት ውስጥ አይተው አያውቁም። ታመሽ እንዴ አሉ፣ ግንባሯን ነኩ። ሳሎኑ ሁለት ሶፋና አንድ መስኮት ነው፤ በቀን ምን ያህል ፀሐይ እንደሚገባበት እታለም አታውቅም ነበር፣ ይገባበታል። ተቀመጠች። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት፣ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። ደብዳቤውን ነገረቻቸው። ጋሼ እንባ የጻፈውንም ነገረቻቸው። እናትየው እስከ «ምስኪን» ድረስ በትእግስት ሰሙና ወደ አንዷ ቃል ተመለሱ።

«አልጋ የያዙባት አለ?»

«አለ።»

«ማነው አልጋ የያዘው? ትናንት ገበያ ደርሼ መጣሁ እኮ። ሰው የሌላት አለ? እኛ ምንድን ነን፣ የቤት ዕቃ?»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወንድሟ ነው። ቆመ። እንደገና ጀመረ። በአራተኛው እናትየው «አታነሺውም?» አሉ፣ አነሳችው። «ጥቁር ሰማያዊው ሱፍ የትኛው ነው? ሰባት አሉ» አለ ወንድሟ፣ ከጀርባው ሰው ይጮሃል። «ወረቀት ላይ ፈልገው» ብላ ዘጋችው።

እናትየው የቀሚሳቸውን ጫፍ ያስተካክላሉ፣ የተስተካከለውን።

«እኔም ብዬ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«ምን?»

«እንዳይሰጡሽ። በሆዴ። የዛን ቀን ሻንጣ ልትገዢ ስትወጪ።»

ሻንጣው አልጋዋ ስር ነው፣ ዋጋው ላዩ ላይ እንደተለጠፈ። እናትየው ሮዟን ክኒን ከእሽጉ ሊያወጡ ታገሉ፣ እታለም እጇን ልትዘረጋ ብላ መለሰችው። እናትየው ለብቻቸው አወጧት፣ ሁለት ደቂቃ ፈጀባቸው፣ ዋጧት፣ ልጃቸውን አዩዋት። «ይኸው» አሉ። «ስድስት ሳምንት አልሞትም።»

ቀጥሎ የደወለው ጋሼ እንባ ነበር። «እታለም፣ እኔ ሱቅሽ ደጅ ነኝ፣ ካፖርቴን ልወስድ መጥቼ» አለ። «ያ የጠፋሽ ትስስር እዚህ ቆሟል፣ ወንድምሽን እየተሳደበ ነው። ነይ።»

«እኔም እሄዳለሁ» አሉ እናትየው፣ ነጠላ ጫማቸውን እየፈለጉ። «ቆሜ ይዩኝ።»

ሱቁ ከቤታቸው አምስት ደቂቃ ነው፣ በእናትየው እርምጃ አስራ አምስት። ደጁ ላይ ከሃያ የማያንስ ሰው አለ። መምህሩ ክርኑ ላይ የሚያልቅ ኮት ለብሶ ቆሟል፣ የሱ እንዳልሆነ ያውቃል፣ የራሱ እስኪገኝ መያዣ ነው። የባንኳ ልጅና አንዲት ወፍራም ሴትዮ አንድ ቀሚስ በሁለት በኩል ይዘዋል፤ ቀሚሱ የሁለቱም አይደለም፣ እታለም ገና ከመንገድ ማዶ ሆና አየችው። አለቃው ሱሪ በእጁ አንጠልጥሎ «ይሄ የኔ ቢሆን አንድ እግሬ የት ይገባል?» እያለ ለማንም ላልሆነ ሰው ያስረዳል። ወንድሟ በሩ ላይ ወንበር ስቦ ተቀምጧል፣ ጉልበቱ ላይ ወረቀት አለ። ቅጽ አዘጋጅቶ ነበር። የልብሱ ዓይነት፣ ቀለም፣ የቁልፍ ብዛት፣ ያስረከበበት ቀን፣ ፊርማ፣ አንድ ምስክር። በቅጹ መሠረት አንዱ ጥቁር ኮት ሰባት ባለቤት ወጥቶለት ነበር፣ ሁሉም ምስክር አላቸው። ላቡ እስከ አንገቱ ወርዷል።

ሲያዩዋት ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። እታለም፣ የት ጠፋሽ፣ እታለም ይሄን ሰውዬ ማን አስገባው፣ እታለም ልትሄጂ ነው አሉ፣ እውነት ነው ወይ፣ ልብሳችንስ።

«ስድስት ሳምንት» አለች።

«ስድስት ብቻ?» አለ መምህሩ። «በእርግጠኝነት ትመለሻለሽ?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ እነሱን አሳምንልኝ።»

ጋሼ እንባ ደረጃው ላይ የሳሙና ካርቶን ገልብጦ ተቀምጧል፣ ጽፎ ጨርሷል። ተነሳና አነበበ፣ ድምፁ የትም ሳይሰበር፣ ራሱን እየገረመው። «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው ደንበኞች፣ ልብሳችን ያለ ደረሰኝ በዚች ምስኪን ሴት እጅና ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የሚገኝ ስለሆነ፣ እሷ ካልተመለሰች ራቁታችንን እንደምንቀር ዛሬ ከሰዓት በኋላ በዓይናችን አይተን ያረጋገጥን ስንሆን፣ ወጥታ እንድትቀር የማንፈቅድ መሆናችንን በነፍስ ወከፍ እንገልጻለን።»

ከካርታም ይበልጣል አለ አንዱ። ወረፋ ተያዘ። የባንኳ ልጅ ፈረመችና ከስሟ ጎን የመሥሪያ ቤቷን ስልክ ጨመረች። እናትየው ተራቸውን ሳይጠብቁ ገቡ፤ ስማቸውን በትልቁ ጻፉና «አልጋ ያልያዝኩ» የሚል ከስሩ እንዲገባ አዘዙ፣ ገባ።

«አሁን ሁለተኛው» አለ ጋሼ እንባ፣ ሌላ ወረቀት ወደ ወንድሟ እየዘረጋ። ሦስት መስመር ብቻ ነው። የፈቃዱ ግማሽ በእህቱ ስም እንዲሆን ሰኞ ሦስት ሰዓት ቢሮ ሊቀርብ ተስማምቷል፣ ምስክሮች ተገኝተዋል። ወንድሟ ሁለት ጊዜ አነበበው። በሦስተኛው ሊጀምር ሲል አለቃው ሱሪውን ትከሻው ላይ ጣለበት።

«ፈርም እንጂ አንተ ሰው። ነገ በምን ልሂድ?»

ወንድሟ እታለምን አያት። «ትመለሻለሽ አይደል?» አለ ቀስ ብሎ፣ በወረቀት ደረጃ ሳይሆን።

«ግራጫ ሱሪህን አገኘኸው?»

«ከፎጣው ስር ነበር።»

«እንግዲህ።»

ፈረመ። አለቃው መሰከረ፣ መምህሩ መሰከረ፣ በአጭሩ እጅጌው።

እታለም ሁለቱንም ወረቀቶች ተቀበለች። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን ቃል አነበበች፣ ቆማ፣ ሰው ሁሉ እየጠበቃት። የጋሼ እንባን እስክሪብቶ ተቀብላ «ምስኪን» የሚለውን ሰረዘችው። ከዛ ከወንድሟ እጅ ቁልፉን ወሰደች፣ ገብታ መብራቱን አበራችና «ተረኛው ማነው?» አለች።